ቂም ይዞ ስግደት

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። የማይመቸው አሁኑኑ ማለፍ ይችላል፤ አልቀየምም። እንዲያውም ዛሬ የምጽፈው ስለ መቀያየም ነው።

ስቅለት ዕለት፣ እዚሁ ሐሙሲት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ጎልማሶች ከፊቴ እየሄዱ ይጨዋወታሉ። አንዱ "ስንት ሰገድክ?" ይለዋል። "አምስት መቶ ሞልቻለሁ፣ ጉልበቴ የኔ አይደለም" ይላል ሌላው። እውነቱን ነው፣ ሲራመድ ያነክሳል። ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀመሰም። ወይራውንም ትከሻው ላይ ተቀብሏል። እኔማ በልቤ "ጎበዝ!" አልኩት። ትንሽ እንደሄድን ከማዶ አንድ ሰው ብቅ አለ። ያ አምስት መቶ የሰገደው ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። "ከሱ ጋርማ ዓይን ለዓይን…" ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ታጠፈ። እያነከሰ!

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይላሉ ወላጆቻችን። ሳል የያዘውን ሌባ ጨለማ አይሸሽገውም። እሱ ዝም ቢል ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂመኛ ሰጋጅም እንደዚያው ነው። ግንባሩ መሬት ነክቶ ልቡ ይስላል።

ሰውየውን ለማማት አይደለም ያነሳሁት። ስሙንም አልናገርም፣ የጠላበትን ምክንያትም አላውቅም። ምናልባት ከባድ በደል ደርሶበት ይሆናል። ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከአባቱ ጎን የስምንት ዓመት ልጁ ነበር። ልጁም አብሮ ሲሰግድ ውሏል። አባቱ ሲታጠፍ ልጁም ወደኋላ ዞሮ ያን ሰው በደንብ አይቶት ነው የታጠፈው። ከሁለቱ ትምህርት ልጁ የትኛውን ይዞ የሚያድግ ይመስላችኋል? ስግደቱን ወይስ መታጠፉን?

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ እግዚአብሔር በክርስቶስ ይቅር እንዳለን እኛም ይቅር እንድንባባል ካዘዘ በኋላ ወዲያው እግዚአብሔርን እንድንመስል ይነግረናል። እንዴት? ልጅ የሚወደውን አባቱን እንደሚመስል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጅ የሚመስለው ያየውን ነው። ስለ ሰማዩ አባት በሰንበት ትምህርት ቤት እናስተምረዋለን፣ የምድሩን አባት ደግሞ በየቀኑ ያየዋል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ልጁ የሚከተለው የቤቱን ነው። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬ የተረዳሁት ይሄን ነው፤ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ መምህሩን ይቀዳል።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። የት ትምህርት ቤት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይቅር። ሰባተኛ ክፍል ነበር። ሒሳብ እንደ ውሃ የሚጠጣ ልጅ። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ግን መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ በደንብ ከሚታይበት ቦታ ነው። ሰሌዳው አይታየውም ብዬ ወደ ፊት ሳመጣው በማግስቱ ተመልሶ እዚያው። አንድ ቀን ጠራሁትና "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "ቲቸር፣ ሰው ሲመጣ ለማየት ነው" አለኝ። አባቱ እሱ ሳይወለድ ሰው ገድሏል። የሟች ወገኖች ደግሞ ወንድ ልጅ እስኪያድግ ይጠብቃሉ ተብሎ ተነግሮታል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እኮ ነው! ያልተወለደበትን ዕዳ ተሸክሞ ክፍልፋይ ይደምራል። ስምንተኛን ሳይጨርስ ጠፋ። ወደ መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የደም ነገር በኛ አገር እንዴት እንደሚሄድ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለከተማ ልጆች ግን ልንገራችሁ። ሰው ይገደላል። ገዳዩ ይሸሻል ወይ ይታሰራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሙ፣ የአጎቱ ልጅ፣ የአክስቱ ልጅ ሁሉ ደመኛ ነው። ገበያ መውጣት ይቀራል። ማሳው ጦም ያድራል። በሬ ተሽጦ መሣሪያ ይገዛል። ለቅሶ አይደረስም፣ ሰርግ አይኬድም። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል። የሟች ወገን ሲበቀል ደግሞ ብዙ ጊዜ ገዳዩን ራሱን አይፈልግም። ከዘመዱ መሐል የተሻለውን፣ የተማረውን፣ ቤተሰብ የሚኮራበትን ይመርጣል። ያኔ ዕዳው ይገለበጣል፣ በቀዳሚው ፈንታ ሌላኛው መሸሽ ይጀምራል። እንዲህ እያለ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል።

ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ማነው? አረማዊ ነው? አይደለም። ማተብ ያሰረ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ በየወሩ ጽዋ የሚጠጣ ክርስቲያን ነው። ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋና ወተት ሳይነካ ይጾማል፤ የወንድሙን ደም ግን ለፋሲካ ያቆየዋል።

ብቻውን ደግሞ አያደርገውም። እኛ እናግዘዋለን። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ "ወንድ የለም ወይ!" የሚል ግጥም ስታወርድ ደረታችንን እየደቃን እናጅባታለን። ጠላ ቤት ቁጭ ብለን "እገሌ እኮ የወንድሙን ደም ሳይመልስ ሱሪ ታጥቆ ይሄዳል" እንላለን። የመለሰውን ደግሞ እንፎክርለታለን። ዕድሜ የጠገቡት ሳይቀሩ "ወንድ ልጅ ወለደ" ሲባሉ "እሰይ፣ ደም መላሽ!" ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሳ ያለውን ሕፃን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነፍሰ ገዳይ አድርገን ቀጠርነው ማለት ነው!

"ይሄ የገጠር ነገር ነው" የምትሉ የባሕር ዳር፣ የአዲስ አበባ፣ የዲሲና የሚኒያፖሊስ ወዳጆቼ፣ ቆዩ። እናንተ ጋ መሣሪያው ስልክ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የፕሮፋይል ፎቶው የጌታችን ሥዕለ ስቅለት ነው። ከታች የተጻፈው ኮሜንት ግን "ዘራቸው ይጥፋ" ይላል። ስንቱን በዓይኔ አየሁት መሰላችሁ! የተሰቀለው አምላክ እጁ ላይ ሚስማር ተመትቶ ሳለ ለሰቃዮቹ ምሕረት ሲለምን የሚያሳየውን ሥዕል ለጥፎ፣ ከሥሩ የበቀል አዋጅ ማወጅ! ሥዕሉን ቢያወርደው ይሻለዋል። ቢያንስ ሐሰተኛ ምስክር አይሆንም።

እሺ፣ የእግዚአብሔር ምሳሌ የምንለው ምንድነው? ከዚህ ሳምንት አንወጣም፤ ሳምንቱ ራሱ ይነግረናል።

ባለፈው ሐሙስ፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናቱ የምእመናንን እግር አጥበዋል። ጉልባኑንም በልተናል። ያ ሥርዓት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ማታ ነው። እዚያ ውስጥ ይሁዳም ነበር። ገና አልወጣም። ጌታ ሊሸጠው የተስማማውን ሰው እግር፣ እያወቀ፣ ጎንበስ ብሎ አጠበ። ሳስበው እደነግጣለሁ። እኔ የሚጠላኝን ሰው ሰላም ማለት አቅቶኝ መንገድ እቀይራለሁ።

ቅዳሜ ቀሳውስቱ ቄጤማ ይዘው ቃጭል እያቃጨሉ በየቤታችን ዞሩ። በመስቀሉ ሰላም እንዳደረገ እያበሠሩ ቄጤማውን አደሉን፤ እኛም ራሳችን ላይ አሠርን። የኖኅ ርግብ የጥፋት ውሃ መጉደሉን እንዳበሠረች ሁሉ፣ የሰላም ምልክት ነው። ሰላሙን ራሳችን ላይ አሥረን ጠቡን ልባችን ውስጥ አሳደርን።

ዛሬ ደግሞ አዳም ሐሙስ ነው። ሐሙስ በስሟ ባለባት በዚች ከተማችን ሁላችንም እናከብረዋለን። ለመሆኑ የአዳም ታሪክ ምንድነው? በዳዩ አዳም ነው። በደለ፣ ከዛፍ ሥር ተደበቀ። ከዚያ በኋላ ማን ፍለጋ ወጣ? የተበደለው። በስሙ እየጠራ የት እንዳለ የጠየቀው እግዚአብሔር ነው። አዳም መጥቶ በሩን እስኪያንኳኳ አልጠበቀም። የክርስትና ታሪክ ሁሉ ከዚያች ጥሪ ይጀምራል፤ ተበዳዩ በዳዩን ፍለጋ መውጣቱ።

ጠፍቶ ስለተገኘው ልጅ የተነገረውን ምሳሌም አስታውሱ። አባትየው ልጁን ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጠ። በኛ አገር ሽማግሌ አይሮጥም፤ ክብሩ አይፈቅድም። እሱ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ሮጠ በሉት። ልጁ በመንገድ ሲያጠናው የመጣውን የይቅርታ ንግግር እንኳን አላስጨረሰውም።

የሒሳብ መምህር ነኝና ስለ ሒሳብ ካላነሳሁ አይሆንልኝም። ማቴዎስ ወንጌል 18ኛው ምዕራፍ ላይ ያለውን የባለዕዳ ምሳሌ ታውቁታላችሁ። አንዱ አገልጋይ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት፤ ተማረ። ወጣና 100 ዲናር ያለበትን ጓደኛውን አንቆ ያዘ። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። አንድ መክሊት ደግሞ ወደ 6,000 ዲናር ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕዳ 60 ሚሊዮን ዲናር፣ ማለትም የ60 ሚሊዮን ቀን ሥራ ነው። ለ365 አካፍሉት፤ ከ164,000 ዓመት በላይ! ይሄ የማይከፈል ነው፤ ሰውየው ግን "ታገሰኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ" ብሎ ነበር። የሁለተኛው ዕዳ የ100 ቀን ሥራ ነው። ቀላል አይደለም፣ ሦስት ወር ከምናምን ነው። ጌታ የጎረቤታችን በደል ምንም አይደለም አላለም። 100 ቀን የለፋ ሰው ያውቀዋል። ያለው፣ አንተ የተተወልህን አስበህ ተመን ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልግባ፤ ኮሜንት ላይ ከመምጣቱ በፊት።

"እሱ አምላክ ነው፣ እኛ ሰው ነን።" ይቺን መልስ በጣም ነው የምንወዳት። መልሱ ግን ሐይቃችን ላይ ቆሟል። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባል ገዳም አለ። እስጢፋኖስ ማነው? ሰው ነው። እንደኔና እንደናንተ ደምና ሥጋ። በድንጋይ ሲወግሩት ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው ብሎ ጸልዮ ሞተ። እዚያ ቆሞ የወጋሪዎቹን ልብስ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ነበረ፤ ስሙ ሳውል። ያ ሳውል በኋላ ጳውሎስ ተባለ። ቅድም የጠቀስኩትን፣ እግዚአብሔርን እንድንመስል፣ ይቅር እንድንባባል የሚያዘውን ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው! የእስጢፋኖስ ወገኖች ደም እንመልስ ብለው ሳውልን በደማስቆ መንገድ ላይ አድፍጠው ቢጠብቁት ኖሮ ዛሬ ያ መልእክት አይነበብም ነበር። ደመኛህ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

"ታዲያ ገዳይ ይለቀቅ ነው የምትለን?" አላልኩም። ይቅርታና ፍርድ ቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ እንኳን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ክሱ የመንግሥት ነው፤ ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ይቀጥል። ግን ልብ በሉ፦ ሕግ ገዳዩን ይቀጣል እንጂ ደም አያደርቅም። አሥራ አምስት ዓመት ታሥሮ የወጣ ሰው የሚጠብቀው ደመኛው በር ላይ ነው። ደም የሚያደርቀው እርቅ ነው፤ እርቅ ደግሞ ሕግን አይተካም። አገር ሁለቱም ያስፈልጋታል። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሁሉ ይሳሳታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ እሱን ያነሳችብኝ አንዲት ባሏ የተገደለባት እናት ነች። ሽማግሎች ሦስት ጊዜ መጥተውባታል። መስቀል ይዘው፣ "በእግዚአብሔር፣ በድንግል ማርያም" ብለው። "ይቅር በዪ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ማንን ግን? ማንም መጥቶ እኔ ነኝ አላለኝም" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ለሷ የሚሆን አጭር መልስ የለኝም።

በዚህ ላይ ሽማግሎቻችንን፣ ካህናቶቻችንን፣ እኛንም መምህራኑን እወቅሳለሁ። እርቅ ስንል ብዙ ጊዜ የምንጫነው ተበዳዩን ነው፤ ምክንያቱም እሱ ይቀለናል። በዳዩ ጉልበት አለው፣ ዘመድ አለው፣ ወንበር አለው። መበለቷ ግን ብቻዋን ነች። ስለዚህ "አንቺ ይቅር በዪ፣ ነገሩ ይብረድ" እንላታለን። ነገሩ እንዲበርድ እንጂ ቁስሉ እንዲድን አልሠራንም። ይሄ የእግዚአብሔር ምሳሌ አይደለም። እግዚአብሔር ይቅር ሲል የከፈለው ራሱ ነው። ሌላ ሰው አላስከፈለም።

በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ እርቁ እንዲጸና ከገዳይ ወገን ልጃገረድ ለሟች ወገን የምትዳርበት ልማድ እንደነበር እናውቃለን። ደም አድርቀናል ብለን ተደሰትን፤ ዕዳውን ግን የምትከፍለው ያልበደለች ልጅ ሆነች። መሣሪያ ካነሱት ወንዶች ይልቅ እንስራ የተሸከመችው ልጅ ናት የተቀጣችው። አብ ልጁን ሰጠ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ወልድ በፈቃዱ ነው የመጣው፤ ነፍሱን የሚወስድበት ማንም እንደሌለ ራሱ ተናግሯል። ያቺን ልጅ ግን ማን ጠየቃት?

በደለኛስ ምን ያድርግ? ዘኬዎስን ይመልከት። ዘኬዎስ ቤቱ ድረስ ምሕረት ገባለት። እሱ ግን "ተመስገን፣ ተማርኩ" ብሎ ቁጭ አላለም። ተነሥቶ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ፣ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ በሰው ፊት ተናገረ። ይቅርታ የሚፈልግ በዳይ አፉን ከፍቶ "እኔ ነኝ" ይበል። የወሰደውን ይመልስ። ድንጋይ ተሸክሞ የመምጣት ሥርዓታችን ትርጉሙ ይሄ ነበር፤ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ መሆን እንዳለበት ያሳያል። ትልቁም ትንሹም ዛሬ "ያለፈው አልፏል" ብሎ ድንጋዩን ለመበለቷ እያሸከመ ነው።

ትልቁ ስል ሕዝብንም ተቋምንም ማለቴ ነው። የራሳችንን ቤት እንይ። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1984 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያናችን አገር ቤትና ውጭ ተብላ ለሁለት ተከፈለች። አባቶች ተወጋገዙ። ውጭ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ከተማ ላይ ወንድማማቾች በተለያየ ደብር ቆረቡ። ሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ እርቅ ሆነ። ውግዘቱ ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን አገራቸው ገቡ፣ በየካቲት 2014 እስኪያርፉ ድረስም ከአቡነ ማትያስ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ፓትርያርክ ተብለው ኖሩ። ያን ቀን ያለቀስነው ለምን ነበር? "አይቻልም" የተባለው ስለተቻለ ነው። አንደኛው ሌላውን አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ብቻ ነበር እልል የሚለው።

ሁለተኛው ይከብዳል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ለሕዝቡ ድምፅ አልሆነችም የሚል ብርቱ ቅሬታ ነበረ፤ የትግራይ አባቶችም ተለዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ሐምሌ 2015 ደግሞ ቅዱስ ሲኖዶስ ይቅርታ ጠየቀ፤ አቡነ ማትያስ ራሳቸው ከአባቶች ጋር መቀሌ ድረስ ሄዱ። የትግራይ አባቶች አልተቀበሏቸውም። በሩ አልተከፈተም። ያኔ እዚህ ፌስቡክ ላይ "ይቅርታ ጠይቀን እምቢ አሉ፣ በቃ!" የሚል ስንት ሰው አነበብኩ። በቃ? ከስንት ጊዜ በኋላ ነው በቃ የሚባለው? ጴጥሮስ ሰባት ጊዜ ይበቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ የተመለሰለት ሰባ ጊዜ ሰባት ነው። ዘግይቶ የመጣ ይቅርታ በር ላይ መቆም አለበት። ልጁ የሞተበት ሰው የሚያለቅስበት ጊዜ እኔ በሰዓቴ አልለካውም። ይቅርታ የጠየቀ ሰው የሚቆጣ ከሆነ የጠየቀው ይቅርታ ሳይሆን ደረሰኝ ነው።

ይሄን ሁሉ ለምን ዛሬ? ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልላችን ውስጥ የሆነውን አልዘረዝርም፤ ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ። መንገድ ይዘጋል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ያስተማርኳቸው ልጆች በዚህም በዚያም ወገን አሉ። ማን ትክክል ነው በሚለው ላይ ብዙ ልንጨቃጨቅ እንችላለን፣ እንጨቃጨቃለንም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላ ያለው ነው። ጦርነት አንድ ቀን ያልቃል። ደም ግን የማኅበር ስብሰባ አያፈርሰውም። በየጎጡ "አባቴን ያስያዘው እገሌ ነው፣ ወንድሜን የጠቆመው እገሌ ነው" የሚል ዝርዝር በልጆች ልብ እየተጻፈ ነው። መንግሥት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በሥራ ቢተረጎም መልካም ነው። እሱ ግን ከሐሙሲት እስከ ጉማራ፣ ከዘንዘልማ እስከ አንበሳሜ፣ በየቤቱ ምድጃ ዳር ለሕፃን የሚነገረውን ሊቆጣጠር አይችልም። ያ የኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ጨዋ ልመና አይደለም፣ እየተቆጣሁ ነው።

እናቶች፣ ልጃችሁን ስታስተኙት የገዳዩን ስም አትንገሩት። የአባቱን ስም ንገሩት። አባቱ ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር ንገሩት። ሐዘናችሁን ውረሱት ብሎ ማንም አይከለክላችሁም፤ ዕዳውን ግን አታውርሱት።

ካህናት አባቶቼ፣ እግራችሁ ሥር ሆኜ ነው የምናገረው። ሥጋና ወተት የበላውን እንደምትገሥጹት ደም ልመልስ ያለውንም ገሥጹት። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ የማይተያዩትን ሁለት ሰዎች እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ሁለቱም የናንተ የንስሐ ልጆች ናቸው። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ጌታ ያዘዘው ለማን ነው? ባለጠጋ ሲሆንም፣ ባለሥልጣን ሲሆንም፣ ባለጠመንጃ ሲሆንም ንገሩት። ወደ መበለቷ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ በዳዩ ሂዱ።

የበደልክ ወንድሜ፣ ሽማግሌ እስኪላክብህ አትጠብቅ። ሂድና እኔ ነኝ በል። ሕግ ቢጠይቅህ ቅረብ።

የተበደልሽ እህቴ፣ ማንም አያስቸኩልሽ። ይቅርታሽን ሊያስገድድሽ የመጣ ሁሉ ከእግዚአብሔር የተላከ አይደለም። ግን አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ልጅሽን በሩን የሚጠብቅ አታድርጊው።

እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ መምህር የሆናችሁት፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እናንተ ቀድማችሁ እዩት።

አሁን የራሴን ልናገርና ልጨርስ። ስድስት ዓመት ያላናገርኩት ሰው አለኝ። ጓደኛዬ ነበር። የደም አይደለም፣ የገንዘብና የቃል ነገር ነው። ማን እንደበደለ ብትጠይቁኝ ያለ ጥርጥር እሱ ነው እላለሁ፤ እሱም ያለ ጥርጥር እኔ ነኝ ይላል። በነዚህ ስድስት ዓመታት ስድስት ስቅለት ሰግጃለሁ። ያ እያነከሰ የታጠፈውን ሰው ሳይ የቆጣኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ማክሰኞ ዕለት ደወልኩለት። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ትናንትም ደወልኩ፣ አላነሳም። ቁጥሬን አውቆት ይሆናል፣ ስልኩን ረስቶት ይሆናል። ነገም እደውላለሁ። ካላነሳ ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ሰውየው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ከሐሙሲት የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሩቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ይሄን ጽሑፍ ላይክ ለማድረግ አትቸኩሉ። ሼርም አልጠይቃችሁም። መጀመሪያ ስልካችሁን አንሡና ያንን አንድ ስም ፈልጉ፤ ሁላችሁም የትኛው ስም እንደሆነ አሁን ታውቁታላችሁ። ደውሉለት። ከዚያ በኋላ ተመልሳችሁ ብትሰድቡኝም ደስ ይለኛል።

መልካም የትንሣኤ ሰሞን ያድርግልን።